ለደርቤ ሳልነግረው የቀረሁት ወፍ

ባለፈው ሳምንት ሠርጓ የደረሰ አንዲት ልጅ ለድሪዓ የሚሆን ጨርቅ ይዛ ሱቄ መጣች። ድሪዓ የሚሉት የሶማሌ ሴቶች በደስታ ቀን የሚለብሱትን ያን ሰፊና ስስ ቀሚስ ነው። ልጅቷ ጨርቁን ጠረጴዛዬ ላይ ስትዘረጋው እጄ ባለበት ቀረ። ሰማያዊ ነው እንዳልል አረንጓዴ ይነካካዋል፣ አረንጓዴ እንዳልል ብርሃን ሲያርፍበት ወደ ወይን ጠጅ ይሄዳል። ዋጋውን ስትነግረኝ ደግሞ ይባስ ደነገጥኩ፤ በዚያ ዋጋ እኮ ሩቅ ባልሆነ ጊዜ ሙሽራዋን፣ እናቷንና ሚዜዎቿን አልብሼ ገበር ይተርፈኝ ነበር። ጨርቁን በጣቶቼ እያሸሁ ሳላስበው "ኮንትሮባንድ" አልኩ። ልጅቷ ፊቷ ተለዋወጠ፤ ከሕጋዊ ሱቅ እንደገዛችው፣ ደረሰኙም ቤት እንዳለ ልታስረዳኝ ጀመረች። ስለ ጨርቁ እንዳልሆነ፣ ስለ አንድ ወፍ ክንፍ እንደሆነ እንዴት አድርጌ ልንገራት? ልኳን ወስጄ ሸኘኋትና የስፌት መኪናዬ ላይ ተቀምጬ ቀረሁ። እግሬ ፔዳሉ ላይ ነው፣ አሳቤ ግን ሜዳው ላይ።

ወፉን ኮንትሮባንድ ያለው ባለቤቴ ደርቤ ነው። እኔ ልብስ ሰፊ፣ እሱ የአውቶቡስ ሹፌር፤ ከናዝሬት ተነስተን ጅግጅጋ የገባነው ገና ጥርሳችን ሁሉ በአፋችን ሳለ ነበር። ሠላሳ ዓመት ያህል ከጅግጅጋ ደገሀቡር ተመላልሷል። አንዳንዴ በደምበል በኩል ይልኩታል፣ አልፎ አልፎም ባቡር ሐዲዱ ዳር እስካለችው አፍደም ድረስ ይዘልቃል። ሹፌር ወፍ ያውቃል ቢሏችሁ ታምናላችሁ? ደርቤ ያውቃል። ክረምቱ ወጥቶ ሣሩ ሲነጣ፣ ጥቅምት አልቆ ኅዳር ሲገባ፣ መንገድ ዳር ያለው ሽቦ ከሩቅ አገር በመጡ እንግዶች ይሞላል። እሱ እነዚያን እንግዶች ልክ እንደ ቋሚ ተሳፋሪዎቹ አንድ በአንድ ይለያቸው ነበር። መጽሐፍ አንብቦ አይደለም፤ ስም ያወጣላቸውም ራሱ ነው። ድንጋይ ላይ ቆማ ጭራዋን እያወዛወዘች ጎንበስ ቀና የምትለውን ትንሽ ወፍ "ረዳት" ይላታል፤ ተሳፋሪ የምትጠራ ስለምትመስል። ባሕር ተሻግረው በጭፍራ የሚመጡትን ነጭ ሽመላዎች "ሐጃጆች" ይላቸዋል። ሽቦ ላይ ኩፍስ ብሎ ሲያዩት ቡናማ ኮት የደረበ ተራ ወፍ የሚመስለውን፣ ሲበርር ግን ክንፉ ሥር የደበቀው ሰማያዊ ሁሉ የሚዘረገፈውን ደግሞ "ኮንትሮባንድ" አለው። ማታ ሲገባ ጃኬቱን እያወለቀ ማን ተሳፈረ፣ ማን ተጣላ አይለኝም፤ ዛሬ ሽቦው ላይ ማን ነበር ይለኛል። እኔ ካሴት ከፍቼ፣ አንገቴን ስፌቱ ላይ ደፍቼ "እህ" እለዋለሁ። ያን ሁሉ ዓመት "እህ" ብቻ ነበር መልሴ። ያኔ ሁለት ጆሮዬን ሰጥቼ ሰምቼው ቢሆን ኖሮ በኋላ ባልተቸገርኩ።

ከተማችን ከታመሰበት ከዚያ ክፉ ክረምት በኋላ እንደ እኛ ከመሃል አገር የመጡ ብዙ ጎረቤቶቻችን ዕቃቸውን ጭነው ሄዱ። እኛም ሻንጣ ከቁም ሳጥኑ ላይ አውርደን ነበር። ወዴት እንሂድ ስንባባል መስከረም ጠባና ሱቄን ከፈትኩ። ሦስት ቀን ሙሉ ማንም ዝር አላለም። በአራተኛው ቀን ወተት የምታመጣልን ሩቂያ ጄሪካኗን በር ላይ አስቀምጣ ገባች፤ ከስካርፏ ሥር የታጠፈ ልብስ አውጥታ "ይሄን ጠግኚልኝ" አለችኝ። አገላብጬ አየሁት። አንድም ቦታ አልተቀደደም። ቀና ብዬ ሳያት በሩን ታያለች። ጠርዙን ፈትቼ መልሼ ሰፋሁላትና ከፍላኝ ሄደች። ማታ ይህን ለደርቤ ስነግረው ተነስቶ ሻንጣውን ወደ ቦታው መለሰው።

የደርቤ ዓይን የደከመው በዚያው ዓመት ነው። መጀመሪያ ማታ ማታ መብራት ይበተንብኛል ይል ነበር፣ ቀጥሎ ቀኑም ጭጋግ ሆነበት፤ ለእኔ ግን ሁሉንም አልነገረኝም። ጥቅምት ላይ ከደገሀቡር ሲመለስ የሌለ ግመል ታይቶት ፍሬን ያዘ፤ ተሳፋሪው ተንጫጫ። ትንሽ ሄድ ብሎ ደግሞ እውነተኛው ግመል መንገዱ ላይ ቆሞ ሳያየው ቀረ፤ ረዳቱ ጮሆ ነው ከግመሉ ሆድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ያቆመው። ደርቤ ሞተሩን አጠፋ። ወርዶ ግመሉን በእጁ ዳሰሰው አሉ። ከዚያ ቁልፉን ተሳፋሪ ለነበረ ሌላ ሹፌር ሰጥቶ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ከተማ ገባ። በማግስቱ ሥራውን ለቀቀ። ሐኪሞቹ የዓይን ሞራ ነው፣ ሲገፈፍ ይለቅሃል አሉት። እሱ ግን እንቢ አለ። ድሮ ታላቅ ወንድሙ አንዱን ዓይኑን አስነክቶ ጨርሶ ጨልሞበታል፤ ደርቤ ባለችኝ ጭላንጭል እኖራለሁ ብሎ ግቢያችን ውስጥ ጀርባውን ለፀሐይ ሰጥቶ ተቀመጠ። ዝም አለ። ሠላሳ ዓመት አልሰማ ያልኩት ሰው ዝም ሲል ቤቱ ጠበበኝ።

ኅዳር በገባ በመጀመሪያው ሳምንት፣ እዚያው ወንበሩ ላይ እንዳለ ራሱን ቀና አደረገና "መጡ" አለኝ። ማን መጣ ብዬ በሩን አየሁ። እሱ የሚያዳምጠው ሰማዩን ኖሯል፤ ከጣራችን በላይ ንብ በል ወፎች እየተጠራሩ ያልፋሉ። "ወይን፣ ወደ ሜዳው ውሰጂኝ" አለ፤ ወይንሸት የሚለውን ስሜን ሲያቆላምጥ ነው። በወሩ ውስጥ ከአፉ የወጣ ረጅሙ ንግግር ይኸው ነበር።

ያኔ ባጃጅ በአምስት ብር ከገበያው ጀርባ እስከ ከተማው ዳር ያደርሰን ነበር፤ አሁን አምስት ብር ብሰጠው ባለባጃጁ ምርቃት የጨመርኩለት ይመስለዋል። ወደ ድንበሩ ከሚወስደው የውጫሌ መንገድ ገባ ብሎ ኩሬ አለ፤ ኩሬው አጠገብ የሩቂያ ዳስ። ሩቂያ ጠዋት ወተቷን ከተማ አድርሳ ስትመለስ እዚያ ዳስ ውስጥ ለእረኞችና ለመንገደኞች ሻሂ ታፈላለች፤ ወተቱ የበዛ፣ ሄሉ የሚሸት፣ ስኳሩ ጥርስ የሚያነቃንቅ ሻሂ። ባሏ ከሞተ ወዲህ ላሞቿንና ከዳሱ ጀርባ ያለውን የአባቷን መሬት ይዛ ብቻዋን ነው የምትኖረው። ደርቤን ጄሪካን ላይ አስቀመጥኩትና ፊቱን ወደ ውኃው አዞርኩት። ነጭ ሸሚዙን ለብሷል፣ ያን የሹፌር ቆቡን አድርጓል። ከኋላችን ካራማራ፣ ከፊታችን ማለቂያ የሌለው ሜዳ።

"ምን አለ?" አለኝ።

"ወፍ አለ።"

"ሰው መጣ ብዬሽ ማን ነው ስትዪኝ 'ሰው' ብልሽ ይገባሻል?"

አፈርኩ። ዓይኔ የሚያውቀው ልብስ ብቻ ነው። ሌላ ቋንቋ ስለሌለኝ በዚያው ሞከርኩት። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፣ ከላዩ ጥቁር ካፖርት ደርቧል፣ ካፖርቱ ግን ከወገብ በታች ብቻ ነው፣ ረጅም ቀይ ካልሲ አጥልቋል አልኩት። ደርቤ ፈገግ አለ። "ሐጃጅ" አለ። ስንት እንደሆኑ፣ ማን ፊት እንደሚሄድ፣ አንድ እግሩን ያጠፈ ካለ ጠየቀኝ። ደግሞ ሌላ፤ ኮሌታው ላይ ጥቁር ጥምጥም ያለው፣ ደረቱ በቀጭን መርፌ የተጠለፈ። ደግሞ ሌላ፤ እጅጌው ከሰውነቱ የረዘመ። እሱ ሲያውቀው ስሙን ይነግረኛል፣ ካላወቀው ከላይ እስከ ታች እንደገና ያስለካኛል። ሩቂያ ማንቆርቆሪያዋን ይዛ መሃላችን ቆማ ትስቃለች። ያን ቀን ስንመለስ ደርቤ ባጃጁ ውስጥ አንጎራጎረ። ሱቅ ገብቼ ስሰፋ ደግሞ እኔ ራሴ የቀሚሱን ጠርዝ እያየሁ የክንፍ ጫፍ ይታየኝ ጀመር።

እንዲህ ሆነን ኅዳርን ኅዳር ተካው። አንበጣው የመጣበት ዓመት ትዝ ይለኛል፤ ሰማዩ እንደ ስንዴ ገለባ ሲበጠር፣ ገበሬው ቆርቆሮ እየደበደበ ሲያለቅስ፣ ሽመላዎቹ ከአንበጣው ኋላ ተከትለው ሜዳውን ነጭ አለበሱት። ደርቤ ቁጠሪ አለኝ፤ ቆጥሬ ቆጥሬ ተውኩት፤ እንደ አረፋ በዓል ሜዳ ነው አልኩት፤ ገባው። ቀጥሎ ያ ሁሉም አፉን የሸፈነበት ዓመት መጣ፤ እኔ ድሪዓና ኮት ትቼ ከማለዳ እስከ ማታ ማስክ ሰፋሁ። ቢሆንም ኅዳር ሲገባ ሁለታችንም ማስካችንን አድርገን ኩሬው ዳር ተቀመጥን። ሰው በተራራቀበት ዘመን ወፎቹ ተጠጋግተው ዋሉ።

ከዚያ ድርቅ ሆነ። ዝናቡ አንዴ ቀረ፣ ሁለተኛም ቀረ። በዚያ ኅዳር ኩሬው የተሰነጠቀ ጭቃ ነበር፤ ሜዳው ላይ ከሩቂያ አጥር በቀር ቀና ያለ ሣር አይታይም። አጥሩ ከዳሱ ጀርባ በእሾህ የከለለችው የጥጃዎቿ ሣር ነው። ሩቂያ ሁለት ላም ሞተውባት እንኳ ዳሷን አልዘጋችም፤ ሻሂው ግን ወተት አልነበረውም። በዚያ ዓመት የደርቤ ጭላንጭልም እየጠፋች ነበር። እጁን ፊቱ ላይ አምጥቶ ጣቶቹን ሲፈልግ አየዋለሁ። እንደ ወትሮው ሳስቀምጠው "ምን አለ?" አለኝ። ምንም አልነበረም። "አንድ ሐጃጅ አለ" አልኩት። ፊቱ ፈካ። "ብቻውን?" ሲለኝ ጊዜ ሁለት ሌሎች ጨመርኩለት።

ውሸት እንደ ክር ነው፤ አንዴ መርፌው ከገባ ይጎተታል። በሚቀጥለው ቀን ኮንትሮባንድ አመጣሁለት፣ በሦስተኛው ንስር። ቀለማቸውን አሳምሬ፣ ጠርዛቸውን ዘምዝሜ እነግረዋለሁ። እሱ እህል እየበላ፣ እየተጫወተ፣ ፂሙን እየተላጨ መጣ፤ እኔም ይህን እያየሁ ምን አጠፋሁ እላለሁ። ሩቂያ ግን መሳቋን ተወች። ሻሂውን አስቀምጣልን ወደ ጥጃዎቿ ትሄዳለች።

በኅዳር መጨረሻ ላይ ከአዲስ አበባ ወፍ የምታጠና ሴት መጣች፤ ሰናይት ትባላለች። አርባ ዓመት የሚሆናት፣ በፀሐይ የከሰለች፣ አንገቷ ላይ ሩቅ የሚያሳይ ትልቅ መነፅር ያንጠለጠለች ጨዋ ሴት ናት። ድርቁ ወፎቹን ምን እንዳደረጋቸው ለማወቅ ሜዳውን በእግሯ ስታስስ ሰንብታ፣ ጥላ ፍለጋ ዳሱ ገባች። ደርቤ ወፍ እንደምታይ ሲሰማ ቆቡን አስተካከለ። ሠላሳ ዓመት የሚሰማው ያጣ ሰው እኮ ነው። የዚያን ኅዳር ወፎች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ዘረዘረላት፤ ቀኑን አልረሳ፣ ቁጥሩን አልረሳ፣ ያልኩትን ሁሉ አንድ ሳያስቀር። ሰናይት በመጀመሪያ እስክሪብቶዋን ይዛ አመነታች። እሷ በሦስት ቀን ውስጥ አንድ ሽመላ እንኳ አለማየቷን በትሕትና ነገረችው። ደርቤም በኩራት፣ ባለቤቴ ቀን በቀን እዚሁ ናት፣ ዓይኗ ሚሊሜትር አይስትም አላት። እሷም ደብተሯን ከፍታ መጻፍ ጀመረች።

ሩቂያ ከምድጃው ሥር ጠራችኝ። ጀርባዋን ለእነሱ ሰጥታ፣ እሳቱን እየቆሰቆሰች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው የተናገረችኝ። "ወይንሸት፣ እሱ ዓይኑን ለአንቺ አደራ ሰጠ። አደራ አይበላም።" ሌላ አልጨመረችም።

ተመልሼ ፊታቸው ቆምኩ። "የነገረሽን አትጻፊው" አልኳት ለሰናይት። "እኔ ነኝ የፈጠርኩት። በዚህ ኅዳር አንድም ወፍ አልመጣም።"

እስክሪብቶው ቆመ። ደርቤ ፊቱን ወደ እኔ አላዞረም፤ ወደ ኩሬው እንዳዞረ ነው የቀረው። ከዘራውን በእጁ ፈለገና "ወደ ቤት የሚወስደኝ ሰው ፈልጉልኝ" አለ። ለእኔ አይደለም ያለው፤ ለሩቂያ። በቁርባን ተጋብተን ሠላሳ ምናምን ዓመት ስንኖር እንደዚያች ቅጽበት ባዕድ ሆኜ አላውቅም።

ሰናይት ገጹን አልቀደደችም። በላዩ ላይ አንድ መስመር አሰመረችና ለስለስ ባለ ድምፅ ጠየቀችኝ። "እትዬ፣ በእውነት ያዩት ምንም ነገር የለም?"

አለ እንዴ ብዬ ሳስብ አንድ ነገር መጣልኝ፤ ለመናገር አፈርኩ። ከሁለት ሳምንት በፊት ሩቂያን ልጠራ ወደ አጥሩ ስሄድ ሣሩ መሃል አንዲት ነገር እንደ አይጥ ሮጠች። አይጥ መስላኝ ነበር። ቆም ስትል ግን ወፍ ናት፤ ቁመቷ ከጣት የማይበልጥ፣ አቧራ የመሰለች፣ ጭራዋ አጥሮ የተቆረጠ፣ እግሯ ቀጠን ያለ፣ ቀለሙ ሥጋ መሳይ። ጀርባዋ ላይ ያለው ጥልፍ እንደ ደረቀ ሣር ነው። ቀጥ ብላ ቆማ አየችኝና አንገቷን ሰብራ ሣሩ ውስጥ ገባች፤ አልበረረችም። ለደርቤ ያልነገርኩት ስለማታምር ነው። ያን ሁሉ ያማረ ወፍ እየፈጠርኩ ይህችን ምን ብዬ አመጣለታለሁ?

ሰናይት ከተቀመጠችበት ተነሳች። ጭራዋን፣ ግንባሯን፣ አቋቋሟን ደጋግማ ጠየቀችኝ፤ ልክ ደርቤ እንደሚያስለካኝ አስለካችኝ። ከዚያ እርግጠኛ ሳልሆን ምንም ማለት አልፈልግም፣ ግን ነገ ጠዋት አሳዩኝ አለች። ደርቤ ለመሄድ ቆሞ ነበር፤ እስክንጨርስ ግን አልተንቀሳቀሰም።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ኩሬው ዳር ስንደርስ ደርቤም አብሮን ነበር። ማታ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተኛ፤ ጠዋት ግን ጫማውን አድርጎ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ሩቂያ የእሾሁን በር ከፈተችልንና ሣሩ ጠርዝ ላይ ቁጢጥ አልን። ብዙ ቆየን። ጉልበቴ ሲደነዝዝ፣ ሰናይት እጄን ያዘችኝ። እዚያው ነበረች፤ ያቺው አቧራ ለባሽ፣ በሁለት ጉቶ መሃል ቀጥ ብላ ቆማ። ሰናይት መነፅሯን ዓይኗ ላይ አድርጋ ስትተነፍስ ይሰማኛል። ወፏ አንድ ቀጭን ድምፅ አሰማችና ሮጠች። ደርቤ ራሱን ቀና አደረገ። "ይህን ድምፅ አላውቀውም" አለ።

ሰናይት ቀስ ብላ አስረዳችን። ይህች ወፍ ረጅም ሣር ያለበት ሜዳ ካልሆነ አትኖርም፤ ሜዳው ሲታረስና ሲጋጥ ከብዙ ቦታ ጠፍታለች፣ በዓለም ላይ የቀረችባቸው ቦታዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፣ ሽቦ ላይም ዛፍ ላይም አታርፍም። ደርቤ ይህን ሲሰማ ከዘራው ላይ ተደገፈ። ሠላሳ ዓመት ሽቦ ሽቦውን ሳይ ይህች ከጎማዬ ሥር ስትሮጥ ነበር ማለት ነው አለ። ሰናይት ደብተሯን ከፍታ ማን እንዳያት ለመጻፍ ስትዘጋጅ ስሙን ጠየቀችው፤ የእሱን ልትጽፍ መሰለኝ።

"የእሷን ጻፊ" አላት። "ያየችው እሷ ናት። ወይንሸት በይ።"

ይቅር ብያለሁ ማለት ለእኛ ለሽማግሌዎች ከባድ ነው፤ ሌላ አልተናገረም፣ ሌላም አልጠበቅኩም። ባጃጅ ስንጠብቅ ግን ክንዴን ያዘ። "እነዚያ ዓይን የሚገፍፉት ሐኪሞች መቼ ነው የሚመጡት?" አለኝ።

ለዘመቻ የሚመጡ የዓይን ሐኪሞች ነበሩ፤ በዚያው ዓመት በበጋው መውጫ ላይ መጡ። ወረፋው የሆስፒታሉን ግቢ ዞሮ መንገድ ይወጣ ነበር፤ ከቀብሪበያህ፣ ከአውበሬ፣ ከገጠሩ ሁሉ ሽማግሌ በልጁ ትከሻ ተደግፎ መጥቷል። ደርቤ ተራው ሲደርስ እጄን ጨመቀኝና የወንድሙን ስም ጠራ። እኔም ፈርቼ ነበር፤ ቢጨልምበት በእኔ ውሸት ተገፍቶ ነውና። በማግስቱ አንዲት ነርስ ፋሻውን ከቀኝ ዓይኑ ላይ አነሳች። ብዙ ጊዜ ዓይኑን አርገበገበ። መጀመሪያ ግድግዳውን አየ፣ ቀጥሎ የነርሷን የልብስ ቁልፎች ቆጠረ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። በችኮላ ስወጣ የልኬት ሜትሬን ከአንገቴ ላይ ሳላወልቀው ነበር የመጣሁት።

"ሸብተሻል" አለኝ።

"አንተስ ቀረህ?" አልኩት። ከዚያ በኋላ ማልቀሴን አልደብቅም።

የሚቀጥለው ኅዳርም ደረቅ ሆነ፤ ወፏን ፈልገን አጣናት። ደርቤ በአዲሱ ዓይኑ የተራቆተ ሜዳ አይቶ ይመለሳል፤ ሞታለች እንዴ ብዬ ልጠይቅ እፈራለሁ። በዚያ ላይ የሩቂያ ወንድም ትራክተር ተከራይቶ ያን የታጠረ መሬት ለስንዴ ሊያርሰው መጣ። የአባታቸው መሬት ስለሆነ መብት ነበረው፤ ድርቁም ጎድቶታል። ሩቂያ በእሾሁ በር ላይ ቆመች። ሽማግሌ ተቀምጦ ሁለት ቀን ተነጋገሩ። በመጨረሻ ከኩሬው ማዶ ያለው የአባታቸው መሬት ለእሱ፣ ከዳሱ ጀርባ ያለው ለእሷ ሆነ። ስለ ወፏ አንድ ጊዜ እንኳ አላነሳችም አሉ። ላሞቼ ሲያልቁ ጥጃዎቼን ያተረፈልኝ ይህ ሣር ነው ብቻ ነው ያለችው። እኔም የወፏን ቤት ስላተረፍሽልኝ አመሰግናለሁ ስላት ተቆጣችኝ፤ ወፍ ወተት ይሰጣል እንዴ አለችኝ።

ከዚያ ዝናቡ መጣ። ሲመጣ ደግሞ የቀረውን ሁሉ ይዞ መጣ፤ መንገድ ቆረጠ፣ ድልድይ ወሰደ፣ ኩሬውን እስከ ዳሱ እግር ሞላው። ኅዳር ላይ የሩቂያ ሣር እስከ ጉልበት ደርሶ በነፋስ ይተኛ ይነሳ ነበር። አንድ ጠዋት ሦስታችን ጠርዙ ላይ ተቀመጥን፤ ሩቂያ ጄሪካኗን ከጎኗ አድርጋ፣ ደርቤ በክርኑ ተደግፎ። ከኋላችን ሐጃጆቹ ኩሬው ውስጥ ይራመዳሉ፤ ደርቤ ዞር ብሎ አላያቸውም።

"ወይን" አለኝ በሹክሹክታ። "ከጉቶው በስተቀኝ።"

እኔ ገና እየፈለግኩ ነው፤ እሱ አይቷታል። ፊቱን አየሁ እንጂ ወፏን አላየሁም መጀመሪያ። ደርቤ ዓይኑን ሳይነቅል ረጅም ጊዜ ተመለከታት።

"ይህችን ነው የደበቅሽኝ?"

"አታምርም ብዬ ነው።"

"አታምርም" አለ እየሳቀ። "እውነትሽን ነው፤ አታምርም።" ሳቁ ሆዱን አንቀጠቀጠው፤ ወፏ እንዳትሸሽ አፉን በእጁ ያዘ። ስም አውጣላት ስለው ያየሻት አንቺ ነሽ፣ አንቺ አውጪ አለኝ። እስከ ዛሬ አላወጣሁላትም፤ ሁልጊዜ ያቺ ነው የምንላት።

ያኔ ነው ሣሩ ሌላ ጎን የተንቀሳቀሰው። ሁለተኛ ወጣች፤ ከኋላዋ ደግሞ ሌላ፣ ከእነሱ ያነሰች፣ ላባዋ ገና የተተረተረ፣ ጠርዙ ያልተዘመዘመ ልብስ የለበሰች የምትመስል። ጫጩት ነበረች። ትንሿ ሁለት እርምጃ ሮጣ ቆመች፣ እንደ ትልቆቹ አንገቷን ቀና ልታደርግ ሞከረችና ወደ ፊት ተደፋች። በኋላ ከቤት ደውዬ ለሰናይት ስነግራት እንደገና ይንገሩኝ አለች፤ ከኮሌታ እስከ እግር እንደገና ነገርኳት፤ በዚህ ጊዜ አንድም ክር አልጨመርኩበትም።

ያን ጠዋት ግን ገና ሜዳው ላይ ሳለን፣ ወፎቹ ሣሩ ውስጥ ከገቡ በኋላ፣ ሩቂያ ተነሳች። ወደ አጥሩ ጥግ ሄዳ የእሾሁን ቅርንጫፍ ከሥሩ ነቀለች፤ እየጎተተች ወደ ውጭ፣ ወደ ተጋጠው ሜዳ አሥር እርምጃ ያህል ወሰደችውና አዲስ ጉድጓድ በከብት መንጃ ዱላዋ መማስ ጀመረች። ደርቤ ሄዶ ቅርንጫፉን ያዘላት፣ እኔ ሌላውን ለመንቀል ጎንበስ አልኩ። ሩቂያ ቀና አላለችም።

"ለጥጃዎቼ ነው" አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት።